ነገረ መለኮት በስንቅ በር

እስር ቤት የገባሁት ብዙ ሃሳብ ይዤ ነው። ጊዜው 1972 ዓ.ም. ነበር፤ ነገረ መለኮት ማስተማር ከጀመርኩ ገና ብዙም አልቆየሁም። ራሴን ከተራማጆቹ ክርስቲያኖች ወገን እቆጥር ነበር። ወንጌል ለነፍስ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የተራበውን፣ መሬቱን የተቀማውን፣ ፊደል ያልቆጠረውንም ይመለከተዋል የምንል ጥቂት ወጣቶች ነበርን። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጓደኞቻችን ሃይማኖታችሁን ካልተዋችሁ ከሕዝብ ወገን አትሆኑም ይሉን ነበር። አብረውን የሚጸልዩት ደግሞ ዓለም እየገባባችሁ ነው እያሉ ይጨነቁልን ነበር። ሁለቱንም እንወዳቸዋለን፤ የሁለቱም መልስ ግን አያጠግበንም ነበር።

መቆሚያ የሰጠን አንድ ደብዳቤ ነው። በግንቦት 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነው፤ የሃሳቡ መሪ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ጉዲና በ1921 ዓ.ም. ወለጋ ቦጂ ተወለዱ። ነቀምቴ ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠሩ፤ ቅስና ተቀበሉ፤ አሜሪካ ሚኒሶታ ተምረው ተመለሱ። የበሽተኛ አልጋ ዳር የቆመ ሰው እንደጻፈው ከደብዳቤው ይታወቃል ብዬ አምናለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለውኃ ጉድጓድ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራ ሲጠየቁ ግን እጃቸው ያጥራል። ቀደም ባለው ዘመን ነፍስን ለማዳን ብቻ መጥተው ነበር፤ አሁን ደግሞ ሆድን ለመሙላት ብቻ ሊመጡ ነው። የኢትዮጵያዋ ቤተ ክርስቲያን ለሁለቱም እምቢ አለች። ሰው አንድ ነው፤ እናንተ በጀት ስለከፈላችሁ እኛ ሰውን አንከፍልም፤ ልማት ምን እንደሆነም ከውጭ ተወስኖ አይመጣልንም አለች።

ለጋሽን እንዲህ ብሎ መናገር በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም ቀላል አይደለም። ደብዳቤው ዓለም አቀፍ ክርክር አስነሥቶ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ የተለየ ጉባኤ ተጠራበት። እኛ ያኔ ጉስታቮ ጉቲየሬዝ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ነጻነት ነገረ መለኮት ያሳተመውን መጽሐፍ ገና በስሙ ብቻ ነበር የምናውቀው። ስለዚህ ተራማጅ ክርስትና ከውጭ የገባ ዕቃ ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን ደብዳቤ አነብለታለሁ። ወለጋ ላይ የበቀለ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ደስ ብሎናል፤ ይህንንም ዛሬ ላለው ወጣት መናገር እፈልጋለሁ፤ ክርስቲያኑ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ለውጡን የጠላ ይመስለዋልና። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጅ ሲነገር ጭሰኛ ሆኖ የኖረ አባት ያላቸው ጓደኞቼ አለቀሱ። መካነ ኢየሱስም በዚያው ሰሞን ለምእመናኗ ባስተላለፈችው መልእክት የፍትሕን ጥያቄ ደግፋ፣ አንድ ነገር ግን አስጠንቅቃ ነበር፤ የትኛውም ርዕዮተ ዓለም እንደ አምላክ ሊቆጠር አይገባም፤ ፍጹም መታዘዝ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የሚል። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው አሳሰረ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ተወረሰ። ቀይ ሽብር መጣ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ቄስ ጉዲና ኡራኤል አካባቢ ካለው ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። ከሀገር እንዲወጡ መንገድ ተከፍቶላቸው እምቢ ማለታቸውን ሁላችንም እንሰማ ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ ቄስ ጉዲና የት እንደደረሱ የነገረን የለም።

የእኔ ተራ በሚቀጥለው ዓመት ደረሰ።

ስለ ምርመራው ብዙ አልልም። ወፌ ላላ ምን እንደሆነ የኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ላላወቀው መግለጹ የሚጠቅመው አይመስለኝም። መርማሪዎቹ የሚፈልጉት ስም ነበር። ከማን ጋር ትሰበሰባላችሁ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የምታጠኑት በየትኛው ቤት ነው፣ ከውጭ ገንዘብ የሚቀበለው ማነው ይላሉ። የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኛ ነህ ይሉኛል፤ ይህን ሲሉ ያ የ1964 ደብዳቤ ትዝ ይለኛል፤ ለባለገንዘቡ እምቢ ያለው ወገን የገንዘብ ቅጥረኛ ተብሎ ሲገረፍ የሚሰማው ምሬት ከጅራፉ ይብሳል። ስም አልሰጠሁም። ይህን ለጀግንነት አልቆጥረውም፤ አንድ ሌሊት ቢጨምሩ ምን እሆን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ከእኔ የበረቱ፣ ከእኔ የበለጠ የሚያምኑ ሰዎች ሲሰበሩ አይቻለሁና ባልተሰበረው ላይ አልመካም፤ በተሰበረውም ላይ ማንም እንዲፈርድ አልፈቅድም።

እግሬ ሲያብጥ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ሰው ከወለሉ ይበልጥ ነበርና ሌሊት የሚተኛው በአንድ ጎን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ለእኔ ግን በግድግዳው በኩል በጀርባዬ የምጋደምበት ቦታ ተለቅቆልኝ ነበር። ያን ቦታ የለቀቁልኝ የኦርቶዶክስ ካህን ናቸው፤ ሁላችንም መምሬ እንላቸዋለን። ከውጭ ብንገናኝ ኖሮ ሰላምታችን የቀዘቀዘ ይሆን ነበር፤ እሳቸው እኔን መናፍቅ፣ እኔም እሳቸውን የአሮጌው ሥርዓት ሰው ብዬ ልናልፍ እንችል ነበር። የእግሬን ቁስል በጨው ውኃ ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው።

የክፍሉ ሕግ በማዕድ ዙሪያ የተሠራ ነበር። ከቤተሰብ የሚገባው ስንቅ ሁሉ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይታይ ይደባለቃል። መጀመሪያ የሚበላው ከምርመራ የተመለሰው ነው፤ እጁ ካልሠራ የሚያጎርሰው ሰው ተራ ይመደብለታል። ቀጥሎ በሽተኛው፣ ቀጥሎ አዲስ ገቢው፤ ጤነኛ የሆነ መጨረሻ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ የጾሙ ከፍስኩ ይለያል፤ በረመዳን የሐጂ ድርሻ ተከድኖ እስከ መግሪብ ይቆያል። ሐጂ የመርካቶ ነጋዴ ነበሩ፤ ቤተሰባቸው ብዙ ስንቅ ይልካል፤ እሳቸው ግን ከማንም ያነሰ ይበሉ ነበር።

ይህን ሥርዓት በቃሉ ይዞ የሚያስፈጽመው አንድ የኢሕአፓ ወጣት ነው። በእግዚአብሔር አያምንም። በቀን የምናደርገው ክርክር ረጅም ነበር፤ እኔ ከተማርኩት አመጣለሁ፣ እሱ ካነበበው ያመጣል። አንድ ቀን ስለ ድሃው የተጻፈውን ሁሉ ስዘረዝርለት ቆይቶ፣ «የመጽሐፍህ ድሃ ስም አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። እሱም አላፌዘብኝም፤ ጥያቄው ለራሱም ነበር። የእኔ ሰፊ ሕዝብም ስም የለውም አለኝ።

ከመካከላችን ከሩቅ ገጠር የመጣ ገበሬ ነበረ። ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ተጣልቶ ይሁን በሌላ፣ ለምን እንደታሰረ ራሱም አያውቅም። ከተማ ውስጥ ዘመድ የለውም። መሬት ለአራሹ ስንል እሱን ማለታችን ነበር፤ እሱ ግን እኔ አጠገብ ተኝቶ ሌሊት ያስላል። ከዚያ ወዲያ ሃሳቤ ስም አገኘ ማለት እችላለሁ። ስለ ሰው ክብር የማውቀው ሁሉ ይህ ሰው ነገ ማን ያጥበዋል ወደሚል ጥያቄ ወረደ። ወረደ የምለው ዝቅ አለ ለማለት አይደለም፤ ወደ ትክክለኛ ቦታው መጣ ለማለት ነው።

በየሳምንቱ ለዚያ ገበሬ በስሙ አንድ ዘንቢል ይመጣ ነበር። እንጀራ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ ዳቦ። ከማን እንደሚመጣ አያውቅም። የእግዜር ስንቅ ነው ይል ነበር፤ እኛም የምናስረዳው ነገር ስለሌለን እንደዚያው ብለን ተቀበልን።

የፋሲካ ዋዜማ መምሬ በአንድ ጥግ፣ እኔ በሌላው ጥግ ጸለይን። አብረን አልቆረብንም። እንዲህ ያለውን ታሪክ ስተርክ የሚሰሙኝ ሰዎች በመጨረሻ ሁሉም ልዩነት ጠፋ እንድላቸው ይጠብቃሉ። አልጠፋም። እሳቸው የቤተ ክርስቲያናቸውን ሥርዓት ጠብቀዋል፤ እኔም የእኔን። የማለዳውን ዳቦ ግን ቆርሰው መጀመሪያ ለሐጂ፣ ቀጥሎ ለኢሕአፓው ልጅ፣ ቀጥሎ ለእኔ ሰጡ። ያን ማዕድ ቅዱስ ቁርባን ብዬ አልጠራውም፤ ምስጢርን ከሥርዓቱ አላወጣም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ቁርባን ያስተማርኩት ትምህርት ሁሉ በዚያ ዳቦ በኩል የሚያልፍ ነው።

ወጣቱን አንድ ሌሊት ጠሩት። ከነዕቃህ ውጣ ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ሲጠራ ግን የትኛው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ተነሣ፤ ጫማውን አሰረ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ የነገዎቹን ስሞች ነገረኝ፤ ማን ማንን እንደሚያጎርስ፣ ማን ማንን እንደሚያጥብ። ወታደሩ እየገፋው የመጨረሻውን ስም ጨረሰ። የገበሬው ስም ነበር።

ስለ እምነት ከእኔ ጋር ተስማምቶ አልሞተም። እኔም ሳያውቀው ክርስቲያን ነበር ብዬ ወደ ራሴ ወገን አልስበውም፤ እንዲህ ማድረግ ሟችን መዝረፍ ነው። ለእኔ ግን ከማንኛውም መምህሬ በላይ አስተምሮኛል።

በ1974 ዓ.ም. ከጥር በኋላ የገቡ እስረኞች የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንደተዘጋች፣ መሪዎቿም እንደታሰሩ ነገሩን። ምእመናኑ በጥቂት በጥቂት ሆነው በየቤቱ ይሰበሰባሉ አሉ። እኛ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህ የመጨረሻው ነው ብለን ነበር። ሲዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ እንደ ድል ይነገራል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን እነዚያን ትንንሽ ስብሰባዎች ብዙውን ጊዜ ይመሩ የነበሩት ሴቶች መሆናቸው ነው። ዘንቢል ይዛ ወደ ጎረቤት የምትገባን ሴት የቀበሌ ሰው አይጠረጥርም። ቡና ተፈልቶ፣ ዝናብና ገበያ እየተወራ፣ በመሐል ቃሉ ይነበባል። መድረክ ሲጠፋ መድረክ ያልተሰጣቸው ቤተ ክርስቲያኒቱን ተሸከሟት።

ከእስር ስወጣ የእህቴ ጸጉር ሸብቶ ነበር። እኔ የምበላውን ያመላለሰችው እሷ ናት። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ነው ስለ እስር ቤቱ በር የነገረችኝ። ሌሊት ተነሥተው ይሰለፋሉ። የኢሕአፓው እናት፣ የመኢሶኑ ሚስት፣ የመኳንንቱ ልጅ፣ የጴንጤዋ እህት፣ ሁሉም በአንድ ሰልፍ። ውጭ ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ይገዳደሉ የነበሩ ሴቶች እዚያ ሰልፍ ላይ አንዷ የአንዷን ዘንቢል ትጠብቃለች። ስም ተጠርቶ ስንቁ ሲመለስ ትርጉሙ አንድ ነው። የተመለሰባት ሴት ትወድቃለች፤ ሌሎቹ ያነሷታል፤ ማልቀስም ክልክል ነውና በነጠላ ይሸፍኗታል።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ አንዳንዷ በሳምንቱ ትመለሳለች» አለችኝ።

ባሏ ወይም ልጇ የተገደለባት ሴት ተመልሳ፣ ውስጥ ማን ዘመድ የሌለው አለ ብላ ጠይቃ፣ በዚያ ሰው ስም ስንቅ ታስመዘግባለች። ከሚፈቱ ሰዎች ስም ይሰበስቡ ነበር። አንድ ከገጠር የመጣ ገበሬም እንዲህ ተይዞ ነበር አለች። ይልክለት የነበረው ማን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ፤ ቀበና አካባቢ የምትኖር፣ ልጇ የተገደለባት እናት ናት። ለልጇ የምትጋግረውን እንጀራ አላቋረጠችም።

እኔ ከዚህ በላይ የሆነ ነገረ መለኮት አላነበብኩም። የ1964ቱ ደብዳቤ ሰው አይከፈልም ያለውን እነዚያ ሴቶች በር ላይ ቆመው ፈጸሙት፤ ብዙዎቹ ደብዳቤው መጻፉንም አያውቁም።

በሰኔ 1984 ዓ.ም. የቄስ ጉዲና አፅም ከተጣለበት ወጥቶ በክብር ሲቀበር ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ነበር። የፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ አፅምም በዚያው ዘመን ነው የተገኘው፤ ሁለቱንም በአንድ ክረምት የገደላቸው አንድ እጅ ነው። ጉዲና ከተገደሉ በኋላ ወይዘሮ ፀሐይ እንደገና ተይዘው ለአሥር ዓመት ያህል በእስርና በስቃይ ኖረዋል። መቃብሩ አጠገብ ሳያቸው ስለ ባለቤታቸው ከምናውቀው ይልቅ ስለ እሳቸው የማናውቀው አስጨነቀኝ።

ዛሬ ከማስተምራቸው መካከል ተራማጅ የሚባለውን ሃሳብ ገና ስሙ ሲጠራ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 መካነ ኢየሱስ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት ካቋረጠች ወዲህ፣ ተራማጅ ማለት ያ ክርክር ብቻ መስሎ ይታያቸዋል። ክርክሩ ትልቅ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን አንድ ክርክር ሌላውን ሁሉ ይዞ እንዲሄድ መፍቀድ የገዛ አባቶቻችንን ርስት መጣል ነው። በሌላ በኩል መጽሐፎቹን አንብበው የሚመጡ ብሩህ ልጆች አሉ። የጥቁሮችን ነገረ መለኮት የጻፈውን ጄምስ ኮንን ያውቃሉ፣ ጉቲየሬዝን ይጠቅሳሉ። እነሱን የምጠይቃቸው ጉቲየሬዝ መጽሐፉን ሲጽፍ የት ይኖር ነበር ብዬ ነው። ሊማ ውስጥ ድሆች በሚኖሩበት በሪማክ ሰፈር ካህን ሆኖ አገልግሏል። ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ቦንሆፈር ስለ ክርስቲያኖች አብሮ መኖር የጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1937 በፊንከንዋልደ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ቤት ኖሮ፣ ጌስታፖ ቤቱን ከዘጋው በኋላ ነው። ሃሳባቸው ማዕድ ነበረው።

የሚያሳዝነኝ ያ ደብዳቤ አንድ ያደረገውን እኛው መልሰን መክፈላችን ነው። በአንድ በኩል ፕሮጀክትና ሪፖርት ብቻ የሆነ በጎ አድራጎት አለ፤ ተረጂውን በስሙ የሚያውቅ ሠራተኛ ማግኘት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ብልጽግናን እየሰበከ ከደሃው መቀነት ሳንቲም የሚፈታ መድረክ አለ። ሁለቱም የበዙት በእኛ የማስተማር ዘመን ነው፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በየአዳራሹ ይህን ስናገር የሚቆጡ አሉ። ይቆጡ።

ወይዘሮ ፀሐይ በ2007 ዓ.ም. ዐርፈዋል። የእሳቸው ታሪክ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ በየእስር ቤቱ በር የተሰለፉት ግን አብዛኞቹ አልተጻፉም። በትምህርት ቤቶቻችን ጉዲናን እናስተምራለን፤ ማስተማርም አለብን። የስንቅ ሴቶቹን ግን የሚያነሣ የትምህርት ዝርዝር አላየሁም። እህቴ የቀሩትን ታውቃቸዋለች፤ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ አንዷ ጆሮዋ ደክሟል፤ የቀበናዋ እናት ግን ከሞተች ቆይታለች። ተማሪዎቼን ሁለት ሁለት እያደረግሁ መቅጃ አስይዤ ወደየቤታቸው መላክ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቋቸው ስለ እምነታቸው አይደለም። ለማን ስንቅ ያመላልሱ እንደነበር፣ ስሙን ጭምር እንዲጠይቁ ነግሬያቸዋለሁ።